ሦስት ዜሮና አንዲት አንድ

ሰኞ

ዝናቡና አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በአንድ ቀን ገቡ። ዝናቡ ቢያንስ ጣራውን አንኳኩቷል።

ሥራ አስኪያጁ ሳያንኳኳ በሩን ከፍቶ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ሁለት ሰው አየ። «እዚህ ክፍል ምን ይመረታል?»

«ስህተት እንቀንሳለን» አለችው የሥራ ባልደረባዬ፣ አንባቢዬ።

«የሚቀነስ ነገርማ ምርት አይባልም» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ሜትር ይዞ መጥቶ ክፍሉን ለካ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ለወረቀት መጋዘን ይበቃ እንደሆነ እይ ተብዬ ነው» አለኝ። ቅን ሰው ነው። ይበቃል አለ።

ማክሰኞ

የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ዓይኔ እንዴት እንደሆነ ይጠይቀኛል። ሥራው ግን ከዓይን ይልቅ የጆሮ ነው። አንባቢዬ የደራሲውን ጽሑፍ ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ለሕትመት የተቀናበረውን ገጽ ይዤ በእርሳስ እከተላታለሁ። ነጥቡንም ሰረዙንም አትተውም። አንድ ጠዋት «እንደምን አደሩ ጥያቄ ምልክት» አለችኝ፤ እኔም «ደህና አራት ነጥብ» ብዬ መለስኩና ሁለታችንም ያልነውን ልብ ሳንል ሥራ ጀመርን። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን እስካሁን የምንባባለው «እርስዎ» ነው። ሥራ ሥራ ነው።

ዛሬ ስብሰባ ነበር። ስህተት የሚለቅም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ተገዝቷል። ሥራ አስኪያጁ እጁን ኪሱ ከትቶ «ፕሮግራሙና ክፍሉ ለአንድ መጽሐፍ ያህል ጎን ለጎን ይሠራሉ» አለ። «መጽሐፉ ከክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ስለ ክፍሉ እንነጋገራለን። ካልወጣ መነጋገርም አያስፈልግም።»

መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ስለ ቁጥር» አለኝ።

«ስለ ቁጥሮች?»

«አይደለም። ስለ አንድ ቁጥር።»

ረቡዕ

ደራሲው መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ፈጣን ሰው። ስለ ቁጥሯ ሲያወሩ በጎን ክፍል የተኛ ሕፃን እንዳለ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ብቸኛ ቁጥር ናት። ከአንድና ከራሷ በቀር ማንም እኩል አያካፍላትም። ሁለትን በራሱ ብዙ ሺህ ጊዜ አባዝተህ ስታበቃ አንድ ትቀንሳለህ፤ ያቺ ናት።»

«እርስዎ ነዎት ያገኟት?»

«የለም የለም፣ ሌሎች ናቸው። እኔ ወዳጇ ነኝ።»

ከሦስት ሺህ በላይ አኃዝ አላት፤ መጽሐፉ መሃል ላይ አንድም ሳይጎድል ትታተማለች። አንባቢዬ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ «መሃሏ ላይ ማረፊያ የላትም?» ብላ ጠየቀች። የላትም አሏት። «እንግዲያው ውሃ ይዤ እመጣለሁ» አለች።

ዓርብ ማታ

ቁጥር ሲሆን ሕጋችን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንዴ ከኋላ ወደ ፊት። ቀኑን ሙሉ ቁጥሯን ስናነብ ዋልን።

ይህን ያህል ደክሜ አላውቅም። ጽሑፍ ሲሆን ቃሉ ጎረቤቱን ያውቃል። «ሮጦ ሮጦ» ከተባለ «ደከመው» እንደሚከተል ጆሮዬ ይጠብቃል፤ ባይከተል ይደነግጣል። እዚህ ግን ጎረቤት ለጎረቤት አይተዋወቅም። «ሰባት» ካለች በኋላ የሚመጣውን ሰባት ራሱ አያውቀውም። አንዲት አኃዝ አምልጣኝ እንደሆነ የሚነግረኝ ትርጉም የለም፤ ያለኝ የእሷ ድምፅና የእኔ እርሳስ ብቻ ነው።

በራችን ላይ የሚያልፉት አታሚዎች ቆም ብለው ይሰሙናል። አንዱ «ዕጣ ወጣ እንዴ?» አለ። ሌላው «ወጥቷል፣ ግን እስካሁን ቁጥሩን ተናግረው አልጨረሱም» አለው።

ከምሳ በኋላ ድምጿ ሻከረ። ነገ የቀረ ምዕራፍ ስላለ ማር በፔርሙስ ሙቅ ውሃ በጥብጬ ልወስድላት አስቤአለሁ። ለሥራው ስል ነው። አንባቢ ድምፅዋ ከተዘጋ አራሚ ደንቆሮ ሆነ ማለት ነው።

እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ዘንድ ናት። የማሩን ጠርሙስ ብርሃን ላይ አንስታ አየችው።

«ማን ታሞ ነው?»

«የሥራ ባልደረባ።»

«ያቺ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረችው?»

«አንባቢዋ።»

«እ» አለች። እህቴ «እ» ስትል የሰማ ሰው ሙሉ አንቀጽ ሰምቷል።

ቅዳሜ

አለቀ። ከፊትም ከኋላም ልክ ናት። አንድም የጎደለ፣ አንድም የተጨመረ የለም።

ያደረግሁት ምልክት አንድ ነው። ቁጥሯ ሁለት ገጽ ሞልታ አራት አኃዝ ተርፈዋት ሦስተኛው ገጽ አናት ላይ ብቻቸውን ተሰቅለው ነበር፤ አውቶቡስ ያመለጣቸው ይመስላሉ። ዳር ላይ «ተንጠልጥለዋል፤ ይስተካከል» ብዬ ጻፍኩ። ገጽ ሲያምር ደስ ይለኛል። ይህ ደካማ ጎኔ እንደሆነ ተነግሮኛል።

ሰኞ

ጥድፊያ። ማተሚያው ከሰዓት በኋላ ይነሣል ተባለ።

ገጹ ተስተካክሎ መጣ። ተንጠልጣዮቹ የሉም። ቁጥሯ ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ ልክክ ብላ አልቃለች። እንዴት እንዳደረገው ገጽ አቀናባሪውን ጠየቅሁት። «አስተካክዬዋለሁ» አለኝ። ምንም ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ስለሆነ ቅጽል ስሙም «አስተካክዬዋለሁ» ነው።

መጀመሪያዋን አየሁ፣ ልክ። መጨረሻዋን አየሁ፣ ልክ። አንባቢዬ «አንዴ እንድገማት?» አለች። ጊዜ የለም አልኳት። ፈረምኩ።

ፕሮግራሙም በበኩሉ አይቶ «ስህተት አልተገኘም» አለ።

ሐሙስ

ታትሟል። ገና አልታጠፈም፣ አልተጠረዘም። ሥራ አስኪያጁ ከቁልሉ አንድ ቅጠል አንስቶ ወደ መስኮቱ ዞሮ አየና «ጥሩ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ግን ፈገግ ያለ መሰለኝ።

«መጋዘኑ ቀረ ይሆን?» አለችኝ አንባቢዬ ኮሪደሩ ላይ።

«ቀረ» አልኳት። ማን ቀረ እንዳለኝ አላውቅም። ደስ ብሏት ስላየሁ አፌ ቀደመኝ።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ይዘንባል። ቀለም የበዛበት ተብሎ የተጣለ ቅጠል ይዤ መጥቼ ነበር፤ የመምህሩን ምዕራፍ ለራሴ ላንብበው ብዬ። ሰው አያምነውም እንጂ ላርም ሳነብ አላነብም። ፊደል አያለሁ፤ ነገሩ ያልፈኛል።

ደግሞ የሚነበብ ነው! ይህችን የሚያህል ቁጥር ከታች እስከ ላይ በየተራ እያካፈሉ ቢፈትኗት ፀሐይ ቀድማ ትጠፋለች ይላሉ። ስለዚህ አቋራጭ አላት። ከአራት ትነሣለህ። በራሱ ታባዛለህ፣ ሁለት ትቀንሳለህ፣ ለቁጥሯ አካፍለህ ቀሪውን ትይዛለህ። ቀሪውን ደግሞ በራሱ ታባዛለህ፣ ሁለት ትቀንሳለህ፣ እንዲሁ ብዙ ሺህ ጊዜ። በተወሰነው ዙር መጨረሻ ላይ ዜሮ ከመጣ ቁጥሯ ንጹሕ ናት። ሌላ ምንም ነገር ከመጣ ተከፋፋይ ናት፤ ግን በማን እንደምትከፈል ፈተናው አይነግርህም። ሐሜት እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ።

ቀጥሎ ለእንደኔ ዓይነቱ የሚሆን ቀላል ነገር አለ። የማንኛውም ቁጥር አኃዞች ተደምረው ለሦስት ከተካፈሉ ቁጥሩ ራሱ ለሦስት ይካፈላል። የእሷ ወገን የሆኑት ብቸኞች፣ ከትንሿ ከሦስት በቀር፣ ለሦስት ሲካፈሉ ሁልጊዜ አንድ ይተርፋቸዋል። «አንባቢ ሆይ፣ ካላመንከኝ ደምራት» ይላሉ መምህሩ። ማንም እንደማይደምር እያወቁ የጻፉት ነው። እሑድ ነው። ይዘንባል። ደመርኳት።

ምንም አልተረፈም።

ተሳስቻለሁ ብዬ ከኋላ ደመርኳት። ምንም።

«ምንድነው የምታጉረመርመው?» አለች እህቴ።

«እየደመርኩ ነው።»

«ምንህን? ከአንድ በላይ ነገር ያለህ አልመሰለኝም።»

ሦስተኛ ጊዜ ደመርኳት። ለሦስት እኩል ትካፈላለች፤ የምትተርፈው አንድ የለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እርሳሴ ራሱ ሄዶ ያ ልክክ ያለ ግርጌ ላይ ቆመ።

ሰኞ

ከአንባቢዬ ቀድሜ ገብቼ ጠበቅኋት። ነገርኳት። ኮቷን ሳታወልቅ የደራሲውን ቅጠል አውጥታ ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ስንደርስ እሷ «ዜሮ» አለች፤ የእኔ እርሳስ አምስት ላይ ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና «ዜሮ»፣ የለም። እንደገና። ከዚያ «አንድ»፣ እሷም የለችም።

«አንተ!» አለችኝ፤ «ምኑን አይተህ ነው የፈረምከው?»

«አንተ» ስትለኝ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጉዳዩ የቁጥሯ ስለነበር አላነሣሁትም።

አቀናባሪው ተጠራ።

«አዎ፣ አስተካክዬዋለሁ» አለ። «አራት ቦታ ነበር የጎደለኝ። ይስተካከል ብለው ጽፈዋል እኮ ጋሼ።»

«ቁጥር ነቀልህ?»

«ዝም ብዬ አልነቀልኩም! አስቤበት ነው። ዜሮ ምንም ማለት ነው አይደል? ሦስት ዜሮ አወጣሁ። አራተኛ ዜሮ በአቅራቢያው አጣሁ።»

«እና?»

«አንዷን አወጣኋት። ከቀሩት ሁሉ ትንሽ እሷ ናት።» አንባቢዬን አይቶ ድምፁን ቀነሰ። «እንዲያውም ዳር አልነካሁም፤ ዳር ያስታውቃል። ከመሃል ነው የወሰድኩት።»

አንባቢዬ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ስደነግጥ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለካስ እየሳቀች ነው። እኔም ሳቅሁ። አቀናባሪው ይቅር የተባለ መስሎት አብሮን ሳቀ።



ማክሰኞ

ማሰብ። ማሰብ። ጥርሴን እየፋቅሁ ማሰብ።

አራተኛ ዜሮ አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ድምሩ አይነቃነቅም ነበር፤ እኔም ዛሬ ደስተኛ ሰው ነበርኩ። ያጋለጠችን ያቺ አንድ ናት።

ማንም አያውቅም። መጽሐፉን ከሚገዙት ሰዎች አንዱ ሦስት ሺህ አኃዝ ሲደምር አይታየኝም። ሥራ አስኪያጁ «ጥሩ» ብሏል። ዝም ካልኩ ሁለቱ ወንበሮች ቦታቸው ላይ ናቸው። ከተናገርኩ የክፍሉ መጽሐፍ ንጹሕ አልወጣም፣ ያበላሸውም የክፍሉ ምልክት ነው። እኔ የትም አርማለሁ፤ ለራሴ አይደለም የምጨነቀው። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ የት ይቀጠራል?

ይህንኑ በሌላ አባባል ለአንባቢዬ ነገርኳት። «ለእኔ ብለህ ከሆነ ተወው» አለችኝ። «ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ይዘው ሲመጡ እኔ ነኝ በር የምከፍትላቸው። ምን ብዬ አያቸዋለሁ? ወዳጅዎ ደህና ናት ልበላቸው?»

ለእሷ ብዬ እንዳልሆነ አስረዳኋት። በዝርዝር አስረዳኋት። ሰማችኝ።

ረቡዕ

ሄድን፤ ሁለታችንም። ሥራ አስኪያጁ መምህሩንም በስልክ አስጠራቸው፤ ዝናቡን ጥሰው መጡ። ሁሉንም ነገርኩ፣ ምልክቴንም ጭምር። የአቀናባሪውን ስም ሳልጠራ «በማስተካከል ሂደት» አልኩ።

«ቆይ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ያበላሸው ክፍሉ ነው?»

«አዎ።»

«ያገኘውም ክፍሉ ነው?»

«አዎ።»

«ፕሮግራሙስ?»

«ፕሮግራሙ ምንም ቅሬታ የለውም።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረው። «ባትነግሩኝ ማን ያውቅ ነበር?»

«ማንም» አልኩ።

«ታዲያ?»

አንባቢዬ ቀደመችኝ። «መጽሐፉ ደምሩ ይላል። አንዱ ቢደምርስ?»

 የመምህሩን ቁጣ እየጠበቅሁ ጫማዬን ሳይ «ደመሯት?» አሉኝ።

«ደመርኳት።»

«ሙሉዋን?»

«ሦስት ጊዜ።»

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት ደምሩ፣ ሞክሩ፣ ዝም ብላችሁ አትመኑኝ እያልኩ አስተማርኩ» አሉ። «የቤት ሥራ ካልሆነ ማንም ሞክሮልኝ አያውቅም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ የዝናብ ጠብታ ነበረበት፣ እኔ እስከማየው ድረስ። ከዚያ የተበላሸውን ቅጠል ሳብ አድርገው ወሰዱ። «ይቺን እንዳትጥሉብኝ። ለሦስት ትካፈላለች፣ ይሁን። ተካፍላ የሚደርሰው ግን ምን ዓይነት ቁጥር እንደሆነ በምድር ላይ የሚያውቅ የለም። ዛሬ ማታ እጀምራታለሁ።»

በዚህ መሃል ሥራ አስኪያጁ ወስኖ ኖሯል። ቅጠሉ እንደገና ይታተማል። «ቃል ግን ቃል ነው» አለ፤ «ንጹሕ ሆኖ አልወጣም። ክፍሉ በዚህ መጽሐፍ ያበቃል።»

ትክክል ነው። የተናገረውን የሚፈጽም ሰው መጥላት ያስቸግራል። እየሞከርኩ ነው።

ሐሙስ

ለመጨረሻ ጊዜ አነበብናት። መምህሩ መጥተው በሩ አጠገብ ቆሙ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲያነቧት ኖረው በሰው ድምፅ ሰምተዋት አያውቁም። ዜሮዎቹ ጋ ስትደርስ አንባቢዬ ድምጿን ከፍ አደረገች፤ አቀናባሪው ከኮሪደሩ «ሰምቻለሁ!» አለ። አታሚዎቹ አንድ በአንድ መጥተው ግድግዳውን ተደገፉ። አራቱ አኃዞች ሦስተኛው ገጽ አናት ላይ ተሰቅለው ቀሩ። ያስጠላሉ። አልነካኋቸውም።

ሰኞ

ዕቃ ማሸግ። መዝገበ ቃላቶቹ በካርቶን ገቡ። ባለ ሜትሩ እንደገና መጣ፤ ይቅርታ ጠየቀኝ።

አንባቢዬ ወደ ልጇ ከተማ ልትሄድ እንደምትችል ነገረችኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው አልኳት። አየሩም ደህና ነው አሉ አልኳት። ስለዚያ ከተማ የማውቀውን ሁሉ፣ ማለትም ስለ አየሩ፣ ነገርኳት።

እህቴ ማታ ሳልበላ ስነሣ «ከተማዋ ሩቅ ናት?» አለችኝ። ስለ ከተማ ያወራኋት ነገር የለም፤ ሳጉረመርም ሰምታኝ መሆን አለበት።

ሐሙስ

ነገር ተገለበጠ። በቅጡ ልጻፈው።

መምህሩ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ማኅበር ሰዎች ጋር ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው በሩ ተዘጋ። ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ እኛ መጣ፤ አንኳኳ።

ማኅበሩ ሌላ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ ስለ ሌላ ቁጥር። የዚችኛዋ ታላቅ ናት፤ በጣም ታላቅ። ሚሊዮን ያለፈ አኃዝ አላት። ማብራሪያው አንድ ገጽ፣ የቀረው ቁጥሯ ብቻ፣ አራት ቅጽ። መምህሩ ያስቀመጡት ግዴታ አንድ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ጮክ ተብሎ፣ ከፊትም ከኋላም እንዲነበብ፤ በየገጹም እንዲደመር።

«አራት ቅጽ ቁጥር ማን ያነባል?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ እውነት ግራ ገብቶት።

«እኛ» አለች አንባቢዬ።

«ከእናንተ ሌላ?»

«ከእኛ ሌላ ማንም» አልኩት። «ግን አንዱ ቢደምርስ?»

ወደ ታሸገው ካርቶን ዞረ። «ካርቶኑን ፍቱት» አለና ወጣ። በሩን ግን ሳይዘጋው ሄደ፤ ለማዳመጥ ይሁን ለመርሳት አላውቅም።

አንባቢዬ ቁጭ ብላ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ታሰላለች። በቀን ይህን ያህል ገጽ፣ በሳምንት ይህን ያህል፣ አራት ቅጽ። «ጉድ ነው» አለች፤ «ሸብተን ነው የምንነሣው።»

«ልጅሽ ጋ መሄዱስ?»

«ለአየሩ ብዬ ነበር» አለች፤ ፊቷን አዙራ መዝገበ ቃላቱን ከካርቶን ማውጣት ጀመረች።

ማክሰኞ

ጀመርን። ውጭ ፀሐይ ነው፤ መስኮቱን ከፍተን ሠራን። እሷ ታነባለች፣ እኔ እከተላለሁ። የመጀመሪያው ገጽ አጋማሽ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ።

«ትንሽ ቀስ ብትይ» አልኳት።

«ፈጠንኩብህ?»

«አልፈጠንሽም።»

ቅጠሉን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። ከበሩ ውጭ ማተሚያው ይንጓጓል።  ቅጠሉን አነሣች፣ ጣቷን መስመሩ ላይ መለሰች፣ ያለፈችውን አኃዝ ደግማ አነበበችልኝ።

ዛሬ አንድ ገጽ ብቻ ሠራን።